የአንድ ዓመት ሁለት ሻምፒዮኖች
ስለ ድሬዳዋው ኮተንና ስለ ሆላንዱ ፒ.ኤስ.ቪ.



በሰፈራችን ከራሽን ቀጥሎ ሰው የሚያጨቃጭቅ ነገር ቢኖር ኳስ ነው። ሰሞኑን ደግሞ ጭቅጭቁ ከሜዳ ወጥቶ በየድንኳኑ ገብቷል። ጥያቄው፣ ለመጪው ውድድር ቡድኖቹ በምን ይመሥረቱ የሚል ነው። አንደኛው ወገን፣ «እያንዳንዱ ከመጣበት ክፍለ ሀገር ልጆች ጋር ይሰለፍ፤ ሰው ከልቡ የሚሮጠው ላገሩ ልጅ ነው» ይላል። ሁለተኛው ወገን፣ «አገር ጥለን መጥተን እዚህም በየአገራችን ከተቧደንን ስደቱ ምን አስተማረን?» ይላል። ነገሩ ለውጭ ሰው ተራ ይመስል ይሆናል። ለእኛ ግን ተራ አይደለም። በኳስ የተለያየ ሰው በውሃ ሰልፍም ይለያያል፤ በለቅሶም ይለያያል።

ይህችን ወረቀት የምናዘጋጀው ክርክሩን ስናዳምጥ ሁሉም ከልቡ ሲናገር ሰማን፤ ታሪክ የሚጠቅስ ግን አልሰማንም። የእግር ኳስ ታሪካችን ግን ይህንኑ ጥያቄ ከእኛ በፊት አንሥቶት ነበር። አንድ ጊዜ ብቻም ሳይሆን ሦስት ጊዜ አንሥቶ ሦስት ዓይነት መልስ ሰጥቶበታል። እነዚያን መልሶች ከአንድ የውድድር ዓመት ተነሥተን እንመልከት። ዓመቱ 1963 ነው። (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ አቆጣጠር የጻፍነው ላይ ዓ.ም. ብለናል።)

ለምን 1963 ብትሉ፣ በዚያ ዓመት በኢትዮጵያ ሻምፒዮን የሆነው የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነው፤ ሕዝቡ ኮተን ይለዋል። በዚያው ዓመት በሆላንድ አንደኛ ሊግ ሻምፒዮን የሆነው ፒ.ኤስ.ቪ. ነው፤ እርሱም የአንድ ፋብሪካ ቡድን ነው። የፋብሪካውን ስም አያቶቻችን ሳይቀሩ ያውቁታል። በየሻይ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ዜና ያሰማን በነበረው ራዲዮ ፊት ላይ ተጽፎ ነበር፦ ፊሊፕስ። አንዱ የፈትልና የሽመና ሠራተኞች ቡድን ነው፤ ሌላው የአምፖልና የራዲዮ ሠራተኞች። በመካከላቸው በረሃና ባሕር አለ። የተሠሩበት መንገድ ግን አንድ ነው፤ ዛሬ የደረሱበት ደግሞ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። ትምህርቱ ያለው በዚህ አንድነትና በዚህ ርቀት መካከል ነው።

፩. በዘር፣ በአውራጃ፣ በእንጀራ

የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የተቋቋመው በ1943 ነው። በዓመቱ፣ በ1944፣ የመጀመሪያው ሻምፒዮና አዲስ አበባ ላይ ተካሄደ። የገቡት ቡድኖች አምስት ነበሩ። አሰላለፋቸውን ልብ በሉ፤ ኢትዮጵያውያኑ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ጣሊያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ አርመኖቹ አራራት፣ ግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ እንግሊዞቹ ደግሞ የጦር ሚሲዮናቸው ቡድን። ዋንጫው የእንግሊዞቹ ሆነ።

ይህ የመጀመሪያው መልስ ነው፤ ቡድን በዘር ይመሥረት የሚለው። በጊዜው ምክንያት ነበረው። ቅዱስ ጊዮርጊስ የተመሠረተው በ1935፣ ወረራው ደጃፍ ላይ በቆመበት ዓመት ነው። በወረራው ዘመን ጥቁርና ነጭ በአንድ ሜዳ እንዳይጫወት ተከልክሎ ነበር። ስለዚህ ነፃነት ከተመለሰ በኋላ የአራዳ ልጆች ከጣሊያኖቹ ቡድን ፊት አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ፣ በአንድ ዳኛና በአንድ ሕግ ሲቆሙ፣ ጨዋታው የእኩልነት ምስክር ነበር። ይህ ግን ለአንድ ዘመን የሚሆን መልስ ነው። ምስክርነቱ ከተሰጠ በኋላ በዚያው አሰላለፍ መቆየት አያስፈልግም፤ አልተቆየምም።

ሁለተኛው መልስ፣ ቡድን በአውራጃ ይመሥረት የሚለው ነው። ኤርትራ በ1952 በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ ከሰሜን ብርቱ ቡድኖች መጡ። በ1955 እና በ1957 ሐማሴን፣ በ1958 ደግሞ አካለ ጉዛይ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆኑ። ሁለቱም የአውራጃ ስም የያዙ ቡድኖች ናቸው። «በትውልድ ቦታ የተሰባሰበ ቡድን ደካማ ነው» የሚል ካለ ይህን ያስታውስ። ያላገራቸው ልጅ ሌላ ሳይፈልጉ ዋንጫ ወስደዋል። የመጀመሪያው ወገን ክርክር ባዶ አይደለምና ይህን ሳንሸሽግ እንጽፋለን።

ሦስተኛው መልስ፣ ቡድን በእንጀራ ይመሥረት የሚለው ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ፣ ከአንድ መዝገብ ደመወዝ የሚፈርሙ ሰዎች አንድ ማልያ ይልበሱ ማለት ነው። ይህንን የጀመረው የጦር ሠራዊቱ ቡድን ነው፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ዋንጫውን ደጋግሞ ወስዷል። በኋላ ቴሌ፣ የፖሊሱ ኦሜድላ፣ ምድር ባቡር፣ መብራት ኃይል፣ ባንኮች እየተባለ የአገሩ ኳስ ሁሉ የመሥሪያ ቤት ኳስ ሆነ። አሁን በምንኖርበት አገርም ከዚህ የተለየ አይደለም። በጅቡቲ ሊግ የወደቡ፣ የሪፐብሊኩ ዘብ፣ የጀንዳርሜሪውና የቴሌኮሙ ቡድኖች ሲጫወቱ ኖረዋል። ከዚህ ሁሉ የመሥሪያ ቤት ቡድን መካከል ግን የሦስተኛውን መልስ ኃይልም ድካምም አጉልቶ የሚያሳየን ኮተን ነው።

፪. ሐዲድ የወለዳት ከተማ

የኮተን ታሪክ የሚጀምረው ከእግራችን ሥር፣ ከጅቡቲ ነው። የባቡር ሐዲዱ ሥራ ከዚህ ከወደቡ ተነሥቶ የተጀመረው በ1897 ነው። ሐሩሩንና ድንጋዩን እየሰነጠቀ በ1902 መጨረሻ ከሐረር ተራሮች ግርጌ ደረሰ። ሐዲዱ ወደ ሐረር ይወጣ ዘንድ ታስቦ ነበር፤ ዳገቱና ወጪው አልፈቀደም። ስለዚህ ከተራራው ሥር፣ የሶማሌና የኦሮሞ አርብቶ አደሮች ከብት በሚያጠጡበት ሜዳ ላይ፣ አዲስ ከተማ ተቆረቆረ። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለች፤ ስሟ ሆኖ የጸናው ግን ድሬዳዋ ነው። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ሲሆን ርዝመቱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ሆነ። ዛሬ አሮጌው ሐዲድ አርፏል፤ በ2017 በጅቡቲ የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ ላይ ነው።

ድሬዳዋ ከመጀመሪያው የመጤ ከተማ ነበረች። ለሐዲዱ ፈረንሳዊው መጣ፤ ለንግድ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱና የመኑ መጡ፤ ለሥራ አማራው፣ ጉራጌው፣ ሐረሪው፣ ኤርትራዊው መጡ፤ የአካባቢው ሶማሌና ኦሮሞም ከበረሃው ወደ ከተማው ገባ። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ በቀጥ ያሉ መንገዶቿና በዛፎቿ፣ ከወንዙ ወዲያ መጋላ በገበያዋ ተዘረጉ። በድሬዳዋ ሰው ሲተዋወቅ «የማን ልጅ ነህ?» ከማለቱ በፊት «የት ትሠራለህ?» ማለት የሚቀናው በዚህ ምክንያት ነው።

ባቡር ባለበት ፋብሪካ ይቆማል፤ ፋብሪካ ባለበት ሠራተኛ ይሰበሰባል፤ ሠራተኛ በተሰበሰበበት ኳስ አይጠፋም። ጥጥ ፋብሪካው በዚህ መንገድ ከድሬዳዋ ታላላቅ የእንጀራ በሮች አንዱ ሆነ። የፋብሪካ ሥራ ደግሞ በጠባዩ ሰውን ያስተሳስራል። ፈትሉ ከተበጠሰ ሸማኔው ይቆማል፤ ሸማኔው ከቆመ ማቅለሚያው ሥራ ይፈታል። የቀኑ ፈረቃ የጀመረውን የሌሊቱ ይጨርሰዋል። ወዛደሩ ይህን በእጁ ስለሚያውቀው ኳስ ሜዳ ላይ አዲስ ትምህርት አልሆነበትም።

ኳስም ቢሆን በዚህ መሥመር ቀድሞ ተመላልሷል። ኢትዮጵያ በብሔራዊ ቡድን ደረጃ የመጀመሪያዋን ጨዋታ ያደረገችው በኅዳር 1940 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተጋጣሚዋ ያን ጊዜ የፈረንሳይ ሶማሌላንድ ትባል የነበረችው ይህች አገር ነበረች። ውጤቱ 5 ለ 0 ነበር። ይህን የምንጽፈው ባስጠጉን ሰዎች ለማሾፍ አይደለም። ጅቡቲ ነፃነቷን ያገኘችው በ1977፣ የራሷን ፌዴሬሽን ያቋቋመችው በ1979፣ የዓለም እግር ኳስ ማኅበር አባል የሆነችው ደግሞ በ1994 ነው፤ ገና በሰው ግዛት ሳለች የደረሰባት ሽንፈት የእርሷ አይቆጠርም። የምንለው፣ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ኳስ ሲወለድ በፊቱ የቆመው ጎረቤት ከዚህ የሄደ ነበር ነው።

፫. የኮተን ዓመታት

ኮተን በ1960 ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነ። በ1962 ደገመ፤ በ1963 ሠለሰ፤ በ1965 አራተኛውን ወሰደ። በስድስት ዓመት አራት ዋንጫ መሆኑ ነው። ከዋና ከተማው የራቀ፣ የጦር ሠራዊት ድጋፍም የቤተ መንግሥት ስምም የሌለው ቡድን ይህን ሲሠራ ከዚያ በፊት አልታየም።

የቡድኑ ታላቅ ስም ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው። በ1935 አሥመራ ተወለደ፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣሊያናዊ ወታደር ነበር። በዚያ ዘመን ክልስ ልጅ መሆን ከሁለት ወገን መገፋት ነበር። ኳስ በአሥመራ ተማረ፤ ዋንጫ የለበሰው ግን ድሬዳዋ በኮተን ማልያ ነው። ይህን እንድታስቡት እንፈልጋለን። «ያገር ልጅ» የሚለው መለኪያ ቢሠራ ኖሮ ይህ ሰው በድሬዳዋ ቦታ አልነበረውም። ኮተን የጠየቀው ከየት እንደመጣ ሳይሆን ኳስ ሲያገኝ ምን እንደሚያደርግ ነበር።

በጥር 1954 ዓ.ም. ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ አዲስ አበባ ላይ ተደረገ፤ አራት አገሮች ብቻ ነበሩ የተካፈሉት። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2 ረትታ ለፍጻሜ ቀረበች። እሑድ ጥር 13 ቀን ከግብፅ ጋር ገጠመች። በ1957 በመጀመሪያው ዋንጫ ፍጻሜ 4 ለ 0 ያሸነፈቻት ይህችው ግብፅ ነበረች። ግብፅ ሁለት ጊዜ መራች፤ ኢትዮጵያ ሁለቴም አቻ አደረገች። መጀመሪያ ተክሌ ግርማ፣ ቀጥሎ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቺያኖ አገባ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቺያኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን ጨመሩ። 4 ለ 2። ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ የተቀበለው የፋብሪካው ቡድን ተጫዋች ነው። አሥመሬው፣ ክልሱ፣ የአራዳው ልጅ ባንድ ማልያ ያገኙትን ያንን ዋንጫ ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ አልደገመችውም።

በ1963 ኮተን የአገሩን ሻምፒዮናነት ሳያስነካ ጠበቀ። ያን ጊዜ ውድድሩ እንደዛሬው ረጅም ሊግ አልነበረም። በየአካባቢው የተመረጡ ቡድኖች ነበሩ ለአገሩ ዋንጫ የሚገናኙት። ይህ ማለት ከክፍለ ሀገር የመጣ ቡድን የአዲስ አበባና የአሥመራ ብርቱዎችን በጥቂት ጨዋታ ውስጥ መርታት ነበረበት፤ ለስሕተት የሚሆን ቦታ አልነበረም። ሁለት ዓመት ተከታትሎ ይህን ማድረግ አንድ ጥሩ አጥቂ በማግኘት የሚሆን አይደለም። የለመደ፣ ተራውን የሚያውቅ፣ አንዱ የአንዱን ሩጫ ሳያይ የሚያውቅ ቡድን ይጠይቃል።

ከዚያ ደግሞ በሩ ሰፋ። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጅ ኢትዮጵያን ወክሎ የገባው ኮተን ነው። በ1965 መጀመሪያ አክራ፣ ጋና ላይ ለመጨረሻው ውድድር ከቀረቡት አራት ክለቦች አንዱ ሆነ። እዚያ በማሊው ስታድ ማሊየን ተሸነፈ፤ ዋንጫውንም የካሜሩኑ ኦሪክስ ዱዋላ ወሰደ። ያም ሆኖ የድሬዳዋ ጥጥ ሠራተኞች ቡድን ከአፍሪካ አራት ምርጥ ክለቦች አንዱ ነበር።

፬. በረዶ ላይ የቆመው ፋብሪካ

አሁን ወደ ሆላንድ እንሻገር። በአገሩ ደቡብ አይንድሆቨን የምትባል ከተማ አለች። ጄራርድ ፊሊፕስና አባቱ በ1891 የአምፖል ፋብሪካ ሲያቆሙባት ትንሽ ከተማ ነበረች። ፋብሪካው ሲያድግ ከሩቅ አውራጃዎች ሥራ ፈላጊ ጎረፈ፤ ኩባንያውም ፊሊፕስዶርፕ፣ ማለት የፊሊፕስ መንደር፣ የሚባል የሠራተኛ ሰፈር ሠራ። በ1913 በዚያው ሰፈር ሜዳ ላይ የሚጫወት ቡድን ተቋቋመ። ፒ.ኤስ.ቪ. የሚሉት ሦስት ፊደላት የፊሊፕስ ስፖርት ማኅበር ማለት ናቸው። ልብ በሉ፤ እዚያም መጤ፣ እዚያም እንጀራ፣ እዚያም የጋራ ሜዳ።

በሆላንድ ኳስ ተጫውቶ ደመወዝ መቀበል እስከ 1954 ድረስ ክልክል ነበር። ልጆቹ ለእንጀራቸው ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ ጣሊያን ወጡ፤ አገራቸውም ከብሔራዊ ቡድን አገደቻቸው። ከነዚህ አንዱ ብራም አፐል ነው። በዓለም ጦርነት ጊዜ ለግዳጅ ሥራ ወደ በርሊን ተወስዶ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ በፈረንሳይ ለሬምስ ቡድን ተጫወተ።

በ1953 ጥር 31 ለየካቲት 1 አጥቢያ ሌሊት ባሕሩ ግድቡን ጥሶ ሆላንድን አጥለቀለቀ፤ 1,836 ሰዎች ሞቱ። በውጭ ያሉት ተጫዋቾች ይህን ሲሰሙ፣ ለተጎዱት ገንዘብ ለማሰባሰብ ፓሪስ ላይ ከፈረንሳይ ጋር እንጫወት አሉ። በመጋቢት 1953 ተጫወቱ፤ 2 ለ 1 አሸነፉ። ከሁለቱ ጎሎች አንዱን ያገባው አፐል ነበር። «ከዳተኞች» የተባሉት ልጆች በክፉ ቀን ላገራቸው ቆሙ። ሕዝቡም ይህን አየ፤ በሚቀጥለው ዓመት ክልከላው ተነሣ፤ በ1956 ኤሬዲቪዚ የሚባለው የአገሩ አንደኛ ሊግ ተጀመረ። በስደት ያለ ሰው ላገሩ የማይረባ ነው ለሚለን ሁሉ ይህ ጥሩ መልስ ነው።

አሁን ወደ 1962-63 የውድድር ዓመት እንምጣ። ሊጉ 16 ቡድኖች ነበሩት፤ እያንዳንዱ 30 ጊዜ ይጫወታል። ያለፉትን ሁለት ዓመታት ዋንጫ የወሰደው የሮተርዳሙ ፌይኖርድ ነበር፤ በዚያው ዓመት በአውሮፓ ዋንጫ እስከ ግማሽ ፍጻሜ ደርሶ በፖርቱጋሉ ቤንፊካ ተሸንፏል። ፒ.ኤስ.ቪ. ሃምሳኛ ዓመቱን ሊያከብር ተቃርቧል፤ ዋንጫ ካየ ግን 12 ዓመት ሆኖታል። አሠልጣኙ ያ የፓሪሱ ባለጎል፣ ብራም አፐል ነው።

ያ ክረምት በሆላንድ በብርድ የሚታወስ ነው። እኛ ሐምሲን ነፋስ አሸዋ እያነደደ ፊታችንን ሲገርፈን ጥላ እንደምንሻ፣ እነርሱ እሳት ሲሹ ከረሙ። ቦዩና ሐይቁ ሁሉ ስለ ደነደነ በጥር 18 ቀን 1963 አሥራ አንድ ከተሞችን የሚያዞረው የ200 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ሩጫ ተደረገ። ወደ 10,000 ከሚጠጉ ተነሺዎች መካከል መጨረሻው የደረሱት ከ150 ያነሱ ናቸው። የእግር ኳስ ሜዳዎቹም እንደ ድንጋይ ደርቀው ጨዋታ ለብዙ ሳምንት ተቋረጠ። እንዲህ ባለ ዓመት የሚያሸንፈው ከመቋረጥ በኋላ እንደገና መጀመር የሚችል ነው። ፒ.ኤስ.ቪ. ቻለ። አጥቂው ፒየር ኬርክሆፍስ 22 ጎል አግብቶ የሊጉ አንደኛ ጎል አግቢ ሆነ፤ ቡድኑም ለሃምሳኛ ዓመቱ አራተኛ ዋንጫውን አገኘ። በሚቀጥለው ዓመት በአውሮፓ ሻምፒዮኖች ዋንጫ ከመጨረሻዎቹ ስምንት ደርሶ በስዊሱ ዙሪክ ወጣ።

እንግዲህ ሚዛን ላይ አስቀምጡት። የአምፖሉ ፋብሪካ ቡድን ባህሩን ተከትሎ ከአውሮፓ ስምንት አንዱ ሆነ፤ የጥጡ ፋብሪካ ቡድን ከአፍሪካ አራት አንዱ ሆነ። በዚያች አጭር ዘመን ድሬዳዋ ከአይንድሆቨን የሚያንሳት ነገር አልነበረም።

፭. ከዚያ ወዲህ

ኮተን ከ1965 በኋላ ለ18 ዓመት ዋንጫ አላየም። ከ1966 እስከ 1968 ቅዱስ ጊዮርጊስ ሦስቱን አከታትሎ ወሰደ። አብዮቱ መጣ፤ በጥር 1967 ዓ.ም. መንግሥት ከ70 በላይ ፋብሪካዎችንና ኩባንያዎችን ወረሰ። የፋብሪካ ባለቤት ሲለወጥ የቡድኑም አዛዥ ተለወጠ። ኮተን በ1983 አንድ ጊዜ ብቻ ተነሥቶ አምስተኛውንና የመጨረሻውን ዋንጫ አነሣ። ከዚያ ፈረሰ። ዛሬ በኢትዮጵያ ሊግ ኮተን የሚባል ቡድን የለም።

ሉቺያኖ ቫሳሎም አገሩ አልተቀመጠም። በደርግ ዘመን ሸሽቶ ወጣ፤ የሸሸውም በዚሁ እኛ በመጣንበት በር፣ በጅቡቲ በኩል ነው። የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሥ እጅ የተቀበለ ሰው እንደ ማናችንም ስደተኛ ሆኖ በዚህች ከተማ አለፈ። ከዚያ ጣሊያን ገብቶ በሮም አካባቢ ኖረ፤ በ2022 በ87 ዓመቱ ሞተ።

ፒ.ኤስ.ቪ. ግን አለ። በ1988 ቤንፊካን በፍጹም ቅጣት ምት ረትቶ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኗል። የፊሊፕስ ስም በ2016 ከተጫዋቾቹ ደረት ላይ ወረደ፤ ቡድኑ ግን አልወረደም። በ2024 እና በ2025 ተከታትሎ የሆላንድ ሻምፒዮን ሆኗል።

ልዩነቱ ምንድን ነው? ሀብት ነው የሚል እውነት አለው፤ ሙሉ እውነት ግን አይደለም። ፒ.ኤስ.ቪ. የፋብሪካ ልጅ ሆኖ ተወለደ፤ ሲያድግ የከተማው ልጅ ሆነ። የራሱ መዝገብ፣ የራሱ አባል፣ የራሱ ገንዘብ ያዥ ነበረው። ከ1999 ጀምሮም ራሱን የቻለ ኩባንያ ነው። ኩባንያው እጁን ሲያነሣ የሚቆምበት የራሱ እግር ነበረው። የእኛ የመሥሪያ ቤት ቡድኖች ግን አብዛኞቹ የመሥሪያ ቤቱ አንድ ክፍል ሆነው ቀሩ። በጀቱ ከላይ ይመጣል፤ ሲቋረጥ ሁሉም ይቋረጣል። ሕዝቡ ያጨበጭባል እንጂ ቡድኑ የእርሱ አልነበረም። የኮተን ጥንካሬ ሰውን በእንጀራ አንድ ማድረጉ ነበር፤ ድካሙ ደግሞ እንጀራው የሌላ ሰው መሆኑ።

፮. ለእኛስ?

ታሪክ የሰጠን ሦስት መልሶች እነዚህ ናቸው። በዘር የተሰለፈው ቡድን ክብርን አስመስክሮ አለፈ። በአውራጃ የተሰለፈው ዋንጫ ወስዷል፤ ግን በሩ ለውጭ ሰው ዝግ ነው። በእንጀራ የተሰለፈው በሩን ለሁሉ ከፍቶ ከሁሉ ርቆ ሄደ፤ የራሱ ሳይሆን ስለቀረ ግን ወደቀ።

እኛ ፋብሪካ የለንም። አንድ የሚያደርግ የጋራ ኑሮ ግን አለን። ከንጋት በፊት ጀሪካን ይዘን የምንሰለፍበት ቦኖ አለ። በአንድ ቦኖ የሚቀዱ ሰዎች ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደ፣ የማን ልጅ ትምህርት እንዳቋረጠ ያውቃሉ። ቡድኖቹ በየቦኖው ይመሥረቱ የምንለው ለዚህ ነው። በአንድ ቦኖ ዙሪያ ያለው ሰው ከየት እንደመጣ ማንም መርጦ አላስቀመጠውም፤ የድሬዳዋን ሠራተኛም ማንም መርጦ አላስቀመጠውም ነበር።

የመጀመሪያውን ወገንም ባዶ እጁን አንመልስም። የትውልድ ቦታ ትዝታ ኃጢአት አይደለም። በእንቁጣጣሽ ማግሥት አንድ ቀን በየክፍለ ሀገራችን እንጫወት፤ እንዘፍን፤ እንፎክር። ሲመሽ ማልያው ይታጠፍ። የዓመቱ ውድድር ግን የቦኖ ይሁን።

ሁለተኛው ሐሳባችን ከመጀመሪያው አያንስም። ቡድን ሁሉ እንደ እድር ይቋቋም። ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይኑረው፤ መዋጮው የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ቢሆንም በየወሩ ይመዝገብ። ዛሬ ኳስና ማልያ በስጦታ እናገኛለን፤ ሰጪዎቹን እናመሰግናለን። ስጦታ ግን የሚቋረጥበት ቀን አለው። በዚያ ቀን በራሳችን መዋጮ የተገዛ አንድ ኳስ ካለን ውድድሩ ይቀጥላል፤ ከሌለን በማግሥቱ እንበተናለን።

በሚቀጥለው የሰፈር ስብሰባ ሐሳቡ ይቀርባል። የምትቃወሙ ተቃወሙ፤ የምትደግፉም ደግፉ፤ ሁላችሁም ግን ምክንያታችሁን ይዛችሁ ኑ። ይህችን ወረቀት አንብባችሁ ስትጨርሱ አትጠቅልሉባት፤ ለጎረቤት ድንኳን አስተላልፏት።